ከትሬይል ካሜራው ካርድ ላይ የጠፋው ቀረጻ የት ገባ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብዙም ሳንርቅ የምንኖር ጎረቤታሞች ጅብ ያስቸግረናል። መሸት ሲል ወንዙን ተከትሎ ይመጣና በጓሮ በኩል ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተን አንድ ትሬይል ካሜራ ገዛንና የጓሮውን በር በሚያሳይ ዛፍ ላይ አሰርነው። ትሬይል ካሜራ ማለት ሰው ወይም እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ በራሱ ተነስቶ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አነስተኛ ካሜራ ነው። ቀረጻውን የሚያስቀምጠው በሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ አንዲት ጎረቤታችን ለገና የሚያደልቡት በግ ከጓሮ ጠፋ። የመንደሩ ጥበቃ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ውሻው የጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እንደነበር፣ ወጥተው ሲያዩ ግን ምንም እንዳላገኙ ተናገሩ። ካርዱ ወጥቶ ለእኔ ተሰጠኝ። በፎልደሩ ውስጥ የመጨረሻው ፎቶ ከሥሩ 07:52 የሚል ሰዓት ነበረው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ከ8 ሰዓት በፊት 8 ደቂቃ ሲቀረው ቀረጻው ይቋረጣል ማለት ነው። «ከዚህ በኋላ ያለው ተሰርዟል» አልኩ። የካሜራው ሣጥን ቁልፍ ያለው ጥበቃው ዘንድ ብቻ ስለነበር፣ የነገሩ ሁሉ ጣት ወደ እሳቸው ዞረ። በማግስቱ ከሥራ ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ዳኝነቱ የተሳሳተ ነበር፤ ስህተቱም የእኔ ነው። እንዴት እንደተሳሳትኩ ከታች እመለስበታለሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም ትሬይል ካሜራ፣ የመኪና ካሜራ ወይም የግቢ ካሜራ ያላቸው አንባቢያን «ቀረጻው ጠፋ» ብለው በሰው ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ምን ምን ማየት እንደሚገባቸው ለማሳወቅ ነው።

ካሜራው እንዴት ይሠራል?

ካሜራ ለእንስሳት አጥምዶ ማንሳት አዲስ ነገር አይደለም። ጆርጅ ሺራስ የተባለው አሜሪካዊ በሌሊት ያነሳቸው የዱር እንስሳት ፎቶዎች በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የታተሙት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1906 ነበር። በአገራችንም ይኸው ዘዴ ትልቅ ነገር አሳይቷል። በአማራ ክልል ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ይፋ የሆነው፣ በሃንስ ባወር የተመራው ቡድን ካሜራ አጥምዶ ባገኘው ምስልና በተመለከተው ዱካ ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ በአካባቢው ሰዎች ቃል ላይ የተመሠረተ ነበር። አንድ ፎቶ በካርድ ላይ መኖሩና አለመኖሩ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

የካሜራው ዓይን ከሆነው ሌንስ ሌላ ሙቀት የሚለይ መሣሪያ ፊት ለፊቱ ላይ አለ። ይህ መሣሪያ የሚያውቀው እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን የሙቀት ልዩነትን ጭምር ነው። ከአካባቢው የሞቀ አካል ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲያልፍ ካሜራውን ይቀሰቅሰዋል። ካሜራው ይነቃል፣ ሌሊት ከሆነ የማይታየውን ቀይ መብራት ያበራል፣ ይቀርጻል፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ከተበላሸ ቀረጻ አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሰረዘው?» ሳይሆን «ከመጀመሪያውስ ተቀርጿል?» የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ካርዱን አያስነኩ

ቀረጻ እንደጠፋ ሲያውቁ ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡ። ካሜራው እየሠራ ካርድ መንቀል የመጨረሻውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ካወጡት በኋላ ተመልሶ ወደ ካሜራው አይግባ። በላዩ ላይ አዲስ ነገር አይጻፍበት። ስልክ ወይም ኮምፒውተር «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅዎ እሺ አይበሉ። ትልቅ መጠን ያለው የካርድ አስማሚ ካለ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ያውርዷት፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ከተቻለ በካርዱ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ምርመራውን በግልባጩ ላይ ያድርጉ።

አንደኛ፦ ሰዓትና ቀን

እንደኔ ልምድ በአገራችን ቀረጻ «የሚጠፋበት» ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓትና ቀን ብቻ ሲሆን እኛ የምንናገረው በራሳችን ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ወረቀት ላይ ጽፈው ካሜራው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት፦

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ላይ 6 ይደምሩ። ከቀኑ 8 ሰዓት 14:00 ነው።
ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደምሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00 ነው።
ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ካለው ላይ 6 ይቀንሱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት 02:00 ነው።

ሌላው ወጥመድ የቀኑ መለወጫ ነው። እኛ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል ካሜራው ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ሆኗል። ጋዜጦች «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚሉት ለዚህ ይጠቅማል፤ አጥቢያው የሚጠራበትን ቀን ይፈልጉ። ጥቅምት 18 ሌሊት የሆነው ነገር በካሜራው የተመዘገበው በኦክቶበር 28 ሳይሆን በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ነበር።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ካሜራውን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይሞላዋል። ይህ አይመከርም። ካሜራው 2017 ዓ.ም. ሲሞላለት ያለፈውን የፈረንጆች 2017 ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ወር ብለው ጥቅምትን ቢሞሉለት ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥረው ከ28 በኋላ ወደ ሦስተኛ ወር ይዘላል። አሥራ ሦስተኛዋን ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። ፋይሎቹ በኮምፒውተር ላይ በቀን ሲደረደሩ ማንም በማይፈልግበት ቦታ ይገባሉ።

ድንጋይ ሲቀየርም ሰዓታቸው ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ ካሜራዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ የትናንቱ ቀረጻ ከብዙ ዓመት በፊት በጃኑዋሪ 1 ተመዝግቦ ያገኙታል። ፋይሎቹን በቀን ሳይሆን በስማቸው ቁጥር ቅደም ተከተል ቢደረድሯቸው ይህ ችግር ይፈታል።

ካሜራው በሰዓት ተወስኖ እንዲሠራ ከተደረገ ስህተቱ የከፋ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠራ አስቦ 01:00 እና 12:00 ብሎ የሞላ ሰው፣ ካሜራውን ያዘዘው ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እንዲሠራ ነው። የሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ በሙሉ አይቀረጽም። ትክክለኛው አሞላል 19:00 እና 06:00 ነው። የሰዓቱን አሠራር በ24 ሰዓት ማድረግ ከብዙ ስህተት ያድናል።

ሁለተኛ፦ ያልተከፈተው ፎልደር

ካሜራው ቀረጻውን የሚያስቀምጠው «ዲሲአይኤም» በሚባል ፎልደር ውስጥ በቁጥር በሚጀምሩ ንዑስ ፎልደሮች ነው። አንዱ ሲሞላ፣ ለምሳሌ 999 ወይም 9999 ፋይል ሲደርስ፣ ቀጣዩን በ101 ቁጥር ይከፍታል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ሌላው እንዳለ አያውቅም። ፎቶና ቪዲዮን በየፎልደሩ የሚለዩ ካሜራዎችም አሉ።

በስልክ ሲያዩ ደግሞ ጋለሪው የማያውቀውን የቪዲዮ ዓይነት ጨርሶ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በስልኩ «ፋይሎች» በሚለው በኩል ገብተው ሁሉንም ይቁጠሩ። የማይከፈት ቪዲዮ ካለ «ቪኤልሲ» በተባለው ነፃ ማጫወቻ ይሞክሩት።

ሦስተኛ፦ በቫይረስ የተደበቀ ፎልደር

ካርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት ወስደው ከነበረ ይህን ይጠርጥሩ። የታወቀው የፍላሽ ቫይረስ ፎልደሩን አይሰርዘውም፤ ይደብቀውና በምትኩ ተመሳሳይ ስም ያለው አቋራጭ ያስቀምጣል። መለያው መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ መሆኑ ነው። አቋራጩን አይክፈቱት። በዊንዶውስ «ቪው» ከሚለው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያዝዙ፤ የደበዘዘ ፎልደር ብቅ ካለ ቀረጻዎ በሙሉ አለ ማለት ነው። ወደ ንጹሕ ኮምፒውተር ይገልብጡት። የተደበቀው ፎልደር ሁልጊዜ በዚህ ብቻ ላይታይ ስለሚችል፣ የካርዱን የተያዘ ቦታ ይመልከቱ። ምንም ፋይል ሳይታይ ብዙ ጊጋባይት ተይዟል ከተባለ የተደበቀ ነገር አለ።

አራተኛ፦ መጠኑ የውሸት የሆነ ካርድ

በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ካርዶች ላያቸው ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎ ውስጣቸው 8 ብቻ ይይዛል። የካርዱ መቆጣጠሪያ ለካሜራው የሚናገረው ትልቁን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀረጻ ደህና ይሆናል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ወይ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይ የትም አይጻፍም። የፋይሉ ስምና መጠን ይታያል፣ ሲከፍቱት አይከፈትም፣ ወይም ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ከዚህ ዓይነት ካርድ ያልተጻፈውን መመለስ የሚችል ባለሙያ የለም።

መፍትሔው ካርድ እንደገዙ መፈተን ነው። በዊንዶውስ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው»፣ በሊኑክስ ደግሞ «ኤፍ ስሪ» የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ መጨረሻው ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይናገራሉ። ፈተናው በካርዱ ላይ ያለውን ሊያጠፋ ስለሚችል ባዶ ካርድ ላይ ብቻ ይደረግ። 64 ጊጋባይት የተባለው ካርድ በዊንዶውስ 59.6፣ 32 የተባለው 29.8 ገደማ ሆኖ ቢታይ ግን አይደንግጡ፤ ይህ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

አምስተኛ፦ ካርዱና ካሜራው አለመስማማት

እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች «ፋት 32» በተባለው አደራጀት፣ ከዚያ በላይ ያሉት «ኤክስፋት» በተባለው ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ብዙ ዓመት ያገለገሉ ካሜራዎች ሁለተኛውን አያውቁም። አንዳንዱ ስህተት ብሎ ይነግርዎታል፤ አንዳንዱ ግን የሚሠራ መስሎ ምንም አይጽፍም። የካሜራው መመሪያ እስከ ስንት ጊጋባይት እንደሚቀበል ይናገራል፤ ከዚያ አይለፉ።

ፍጥነትም ይታይ። በክብ ውስጥ 10 ቁጥር ያለበት ካርድ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ካሜራ ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ፎርማት ማድረግ ሲያስፈልግም ቀረጻው ከተገለበጠ በኋላ በራሱ በካሜራው ይደረግ። ካርዱ ሲሞላ በአሮጌው ላይ እንዲጽፍ የሚያዝ ምርጫ በርቶ ከሆነም የቆየው ቀረጻ በራሱ እየተደመሰሰ ይሄዳል፤ ይህን የሠራ ሰው የለም፣ ካሜራው ነው።

ስድስተኛ፦ የባትሪ ድንጋይ

የቀን ፎቶ ኖሮ የሌሊቱ ብቻ ከጠፋ ወይም ቪዲዮው በ2 ሰከንድ ከተቆረጠ ድንጋዩን ይመልከቱ። ሌሊት መብራቱ ሲበራ ካሜራው ከቀኑ እጅግ የበለጠ ኃይል ይስባል። የደከመ ድንጋይ ቀን ፎቶ ለማንሳት በቅቶ ሌሊት ሲጠየቅ ይወድቃል፤ ካሜራው በመጻፍ ላይ እያለ ይጠፋል፣ ባዶ ፋይልም ይቀራል። ርካሹ የራዲዮ ድንጋይ ለዚህ አይሆንም፤ «አልካላይን» ወይም «ሊቲየም» የሚል ይግዙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሊቲየሙ ይሻላል። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት፣ አልካላይኑ ደግሞ 1.5 ቮልት ስለሆነ ሁለቱንም በአንድነት አያስገቡ።

ሰባተኛ፦ ካሜራው ጭራሽ ያላየው

ካሜራውን ከመስኮት መስታወት ጀርባ ያስቀመጠ ሰው ምንም አያገኝም፤ የሙቀት መለያው በመስታወት ውስጥ አያይም። በቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣ እንስሳም ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ መተላለፊያውን በጎን እንዲያይ አድርገው ያሰሩት። ለጅብና ለውሻ ከመሬት ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ወይም መጥለቂያ አያዙሩት። በፊቱ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ካለ ይቁረጡት፤ አለበለዚያ ካርዱ በባዶ ፎቶ ይሞላል፣ ድንጋዩም ያልቃል። በአንድ ቀረጻና በሌላው መካከል የሚያርፍበት ጊዜ 5 ደቂቃ ተብሎ ከተሞላ፣ በዚያ ውስጥ ያለፈው አይቀረጽም።

ተሰርዟል ወይስ አልተቀረጸም?

ሰውን ከመጠርጠር በፊት ይህን ያድርጉ። ብዙ ካሜራዎች ለእያንዳንዱ ቀረጻ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣሉ። ፋይሎቹን በስም ደርድረው ቁጥሩን ይከተሉ። 0412 ካለ በኋላ 0419 ከመጣ በመካከሉ የነበሩት 6 ፋይሎች ተወግደዋል ወይም ተበላሽተዋል። ቁጥሩ ሳይዘል ከቀጠለ ግን በመካከል የተሰረዘ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምልክት የለም። ካሜራው አልቀረጸም ወይም እርስዎ በተሳሳተ ቦታ እየፈለጉ ነው።

በእውነት ተሰርዞ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። ፋይል ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚጠፋው በካርዱ መዝገብ ላይ ያለው ምልክት ነው። ምስሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ሊቆይ ይችላል። «ፎቶሬክ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ለዊንዶውስም «ሬኩቫ»፣ ይህን ፈልገው ያወጣሉ። የሚያወጡትን ሁልጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ እንጂ በዚያው ካርድ ላይ አያስቀምጡ። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም ስለማይመልስ ግራ አይጋቡ፤ በፎቶው ግርጌ የታተመው ቀንና ሰዓት አይጠፋም። ፎቶ ከቪዲዮ ይልቅ በቀላሉ ይመለሳል፤ ቪዲዮው በካርዱ ላይ ተበታትኖ ከተጻፈ ሙሉ ላይሆን ይችላል።

የእኛ ቀረጻ የት ነበር?

ወደ መንደራችን ነገር ልመለስ። በማግስቱ ሁላችንም ተሰብስበን ያን የመጨረሻ ፎቶ፣ 07:52 የሚለውን፣ ለጥበቃው አሳየናቸው። በፎቶው ላይ አንዲት የጎረቤት ልጅ በጓሮው በር ስትገባ ትታያለች። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና «ልጄ፣ ይህች ሕፃን ዳቦ ይዛ ከሱቅ ስትመለስ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ የት አለ?» አሉኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። 07:52 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ52 ሳይሆን፣ ሰዓቱ በ12 የተሞላ ስለነበር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ52 ነበር። የፋይሉም ቁጥር 0999 ነው፤ ፎልደሩ የሞላው እዚያ ላይ ነው። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ወስጄ ስከፍተው 101 የሚል ሁለተኛ ፎልደር ነበር፤ ቁጥሩም ከ0001 ሳይዘል ይቀጥላል። በኦክቶበር 29፣ 02:14 ላይ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14፣ አንድ ጅብ በጉን ይዞ በተቀደደው ሽቦ በኩል ሲወጣ በደንብ ይታያል። ሰዓቱ ጥበቃው የተናገሩት ሰዓት ነው።

በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «እኔ ማብሪያውን እንኳን አላውቀውም ብዬ ነበር» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገሩም። ሽቦው ታደሰ፣ እሳቸውም በሥራቸው ላይ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ የምናደርገው ይህን ነው፦ ካሜራውን እናጠፋለን፤ ካርዱን በሌላ የተፈተነ ካርድ እንቀይራለን፤ ያወጣነውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ሁሉንም ፎልደር እንቆጥራለን፤ ድንጋዩንና ሰዓቱን እናያለን፤ በመጨረሻም አንድ ሰው በካሜራው ፊት አልፎ መቀረጹ ይረጋገጣል። ሥራው 10 ደቂቃ አይፈጅም። የሣጥኑ ቁልፍም አሁን ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ቀረጻ ጠፋ የተባለ ቀን የምጠየቀው እኔም ጭምር ነኝ ማለት ነው።